ከጂን ንባብ እስከ ኒሯቅ፦ ስለ አዋቂዎች አኪዩት ሉኬሚያ

የአዘጋጅ ኮሚቴው አባል ደውሎ ርዕሴን ሲጠይቀኝ «የጂን ኤክስፕሬሽንና የመኖር ዕድል በአዋቂዎች አኪዩት ሉኬሚያ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዶክተር፣ ከምሳ በፊት ነው እኮ የሚቀርበው» አለኝ። ምሳችሁን አላዘገይም፤ ርዕሱን ግን አልቀየርኩትም። ስለ ጂን ሲወራ ብዙዎቻችን የቦስተንና የቶሮንቶ ጉዳይ አድርገን ነው የምንሰማው። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ኒሯቅ ነው።

ኒሯቅን ለማታውቁ፣ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። ከሰቆጣ ደጋ ተነስታችሁ ወደ ተከዜ ስትወርዱ የምትደርሱበት፣ ፍየል የሚረባበት፣ ኽምጣንጛ የሚነገርበት፣ ወባ የማይለየው አገር ነው። በጦርነቱ ዓመታት የአካባቢው ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ መክረሙን ታስታውሳላችሁ። ሰቆጣ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህን ርቀት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንግባባበት። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁሉ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የያዙት ዲ.ኤን.ኤ. አንድ ነው። የጉበቱም፣ የመቅኒውም፣ የዓይኑም። ልዩነታቸው የሚመጣው ከሚያነቡት ነው። በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት አስቡ፤ በሕማማት የሚነበበው ሌላ ነው፣ በፋሲካ የሚነበበው ሌላ፣ መጻሕፍቱ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ጂን ኤክስፕሬሽን የምንለው ይሄው ንባብ ነው። የትኛው ገጽ ተገለጠ? ስንት ጊዜ ተነበበ? የትኛውስ ተዘግቶ ቀረ? ሴሉ የሚያነበውን ጂን ወደ ኤም-አር.ኤን.ኤ. ስለሚገለብጠው፣ ያንን ግልባጭ በመቁጠር ንባቡን መለካት ይቻላል።

አኪዩት ሉኬሚያ ደግሞ የትምህርት ጉዳይ ነው ብላችሁ አስቡት። በመቅኒ ውስጥ የሚወለደው ሴል እንደ ቆሎ ተማሪ ነው። ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይማራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ ወጥቶ ሥራውን ይሠራል። በሉኬሚያ የሚሆነው፣ አንዱ ተማሪ ፊደል ላይ ቆሞ ይቀርና እንደ እርሱ ያሉትን እየወለደ ጉባኤ ቤቱን ይሞላዋል። ቀይ ሴል የለም፤ ሕመምተኛው ይነጣል። ነጭ ሴሉ ብዙ ቢመስልም የሚዋጋ የለም፤ ትኩሳት ይመጣል። ፕላትሌት የለም፤ ይደማል። ሦስቱ ምልክቶች ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫሉ።

ንባቡ በውጭ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ከእኛው ደም ምሳሌ ልስጣችሁ። ዳፊ የሚባለው የደም ዓይነት ጂን አለ። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንም ብዙዎች፣ ጂኑ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ በቀይ ሴል ውስጥ እንዲነበብ የሚያዝዘው ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። የዚህን አሠራር ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1995 አሳዩ። ውጤቱ ምንድን ነው? ቀይ ሴሉ ላይ ዳፊ አይወጣም፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በቀላሉ አይገባም። «በቀላሉ» ያልኩት አውቄ ነው፤ በእኛ አገር ዳፊ በሌላቸው ሰዎችም ላይ ቫይቫክስ ተገኝቷል። ሌላም ነገር አለ። ይህ የንባብ ለውጥ በሁለቱም ወገን ያለው ሰው በደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ዝቅ ያለ ነው። ከ1,500 በታች ሆኖ ጤነኛ የሆነ ሰው ሞልቷል። እንግዲህ ኬሞቴራፒ የምትሰጡ ሐኪሞች አስቡት። መጽሐፉ «ቁጥሩ እስኪመለስ ጠብቅ» ይላል። ወደ የት እስኪመለስ? መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ ሰው ቁጥር ነው። አንድ ወጣት ሁለት ሳምንት ሲጠብቅ ሉኬሚያው አይጠብቅም።

አሁን ወደ ታላላቆቹ ጥናቶች ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1999 ጎለብና ባልደረቦቹ ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ፣ በ38 የመቅኒ ናሙና ላይ ተመሥርተው፣ የ50 ጂኖች ንባብ ብቻ አኪዩት ማየሎይድና አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያን እንደሚለይ አሳዩ። በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ሳይኖር ማለት ነው። በ2004 በአንድ የኒው ኢንግላንድ ጆርናል ዕትም ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ወጡ። አንዱ 285፣ ሌላው 116 የማየሎይድ ሉኬሚያ ሕመምተኞችን ይዞ፣ ንባቡ ማን ረዘም አድርጎ እንደሚኖር ሊጠቁም እንደሚችል ተናገሩ። በ2016 ከቶሮንቶ የመጣው ደግሞ በ17 ጂኖች ላይ የተመሠረተ ነጥብ ነው፤ ለሉኬሚያው ግንድ ሆነው የሚያገለግሉት ሴሎች የሚያነቡትን ይቆጥራል። ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው በመደበኛው ሕክምና ብቻ ቢታከም ዕጣው የከፋ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ንቅለ ተከላ ይታሰብለታል።

ቆንጆ ሥራ ነው። እኔም ሳነበው ደስ ይለኛል። ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛው፣ የማን ደም ነው የተነበበው? በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ያለው ናሙና በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር የተገኘ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ሥራ አለ። በክሊኒካል ትራያል ገብተው ተመሳሳይ ሕክምና ያገኙ ከ60 ዓመት በታች የሆኑ ጥቁርና ነጭ የማየሎይድ ሉኬሚያ ሕመምተኞችን አነጻጸረ። ጥቁሮቹ የኖሩት ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚያም በላይ፣ ኤን.ፒ.ኤም.-1 የሚባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ፣ በመጽሐፋችን «መልካም ምልክት» ተብሎ የተጻፈው፣ ለጥቁሮቹ ያንን መልካምነት አላሳየም። የአሜሪካ ጥቁር ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ዋግ ደግሞ ጎጃም አይደለም። የእኛ ምን እንደሆነ ለማወቅ የእኛን ደም ማንበብ ያስፈልጋል። ናሙናው ሲሰበሰብም እንደ ጥሬ ዕቃ ተጭኖ የሚሄድ ሳይሆን፣ የእኛ ስም፣ የእኛ ፍሪጅና የእኛ ተማሪ ያለበት መሆን አለበት። ይሄን መምህራኑ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብደኛል። የ17ቱ ጂን ነጥብ የሚያገለግለው፣ ሕመምተኛው ከመጀመሪያው ወር ተርፎ ቀጥሎ ምን ይደረግለት ሲባል ነው። መደበኛው ሕክምና ከ1973 ጀምሮ ያለው «ሰባትና ሦስት» ነው፤ ሰባት ቀን ሳይታራቢን፣ ሦስት ቀን ዳውኖሩቢሲን። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ሳምንት መቅኒው ባዶ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ፕላትሌት በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ፣ ንጹሕ ክፍል ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ቦታ ሰውየው የሚሞተው በጂኑ ምክንያት አይደለም። ንባቡ ክፉም ሆነ ደግ፣ ዕጣውን የሚወስነው ደም ባንክ ነው፤ መንገድ ነው፤ አስታማሚው የሚበላው ገንዘብ ነው። እንደዚህ ባለ አገር የጂን ነጥብ ብትለኩ ምንም የማይተነብይ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሳይንሱ ስለተሳሳተ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ነገር ቀድሞ ስለገደለ ነው።

«ታዲያ ለምን ታደክሚናለሽ?» የምትሉ አላችሁ። ምክንያቱም አንድ ሉኬሚያ አለ፤ ነገሩ ሁሉ የሚገለበጥበት።

አኪዩት ፕሮማየሎሳይቲክ ሉኬሚያ ይባላል። ከአዋቂዎች ማየሎይድ ሉኬሚያ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ወጣቶችን ይወዳል። በዚህ በሽታ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጡና ሁለት ጂኖች ተጋብተው አንድ ይሆናሉ። የተጋቡት ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲን ምን ያደርጋል? ሴሉ አድጎ ከፊደል ወደ ዳዊት የሚሸጋገርበትን ገጽ በሙሉ ይዘጋዋል። ንባቡን ያቆመዋል። ይሄ ንጹሕ የጂን ኤክስፕሬሽን በሽታ ነው። መድኃኒቱም የዚያኑ ያህል ንጹሕ ነው፤ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ አትራ የሚባል ኪኒን። በበቂ መጠን ሲሰጥ የተዘጋውን ገጽ ይከፍተዋል፤ ሴሉ እንደገና ማንበብ ይጀምራል፣ ያድጋል፣ አድጎም እንደማንኛውም ሴል ዕድሜውን ጨርሶ ይሞታል። ሌሎቹን ሉኬሚያዎች እንገድላለን፤ ይህንን ግን እናስተምረዋለን።

የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዢንዪና ባልደረቦቹ በ1988 የ24 ሕመምተኞችን ውጤት አወጡ። ሁሉም ሙሉ ሬሚሽን ገቡ። የሃርቢን ሐኪሞች ደግሞ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ተነስተው አርሴኒክ ጨመሩበት። በ2013 ሎ-ኮኮና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ የነጭ ሴል ቁጥራቸው ከ10,000 ያልበለጠ ሕመምተኞችን ይዞ፣ አትራና አርሴኒክ ያለ ኬሞቴራፒ ሲሰጥ ከሁለት ዓመት በኋላ 99 በመቶዎቹ በሕይወት እንዳሉ አሳየ። አትራና ኬሞቴራፒ ያገኙት 91 በመቶ ነበሩ። በካንሰር ሕክምና ውስጥ 99 የሚል ቁጥር ስንት ጊዜ አይታችኋል? የዓለም ጤና ድርጅትም አትራን በ2015፣ አርሴኒክን በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ይህ በሽታ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በደም መፍሰስ። ስለዚህ ሕጉ ግልጽ ነው። ስትጠረጥር ጀምር፤ የጂን ምርመራውን ውጤት አትጠብቅ።

አንዲት የኒሯቅ እናት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሠላሳ አይሞላም። ትኩሳት ይዟቸው በአቅራቢያቸው ታከሙ። በዚያ አገር ትኩሳት ሲባል ወባ ነው፤ ማንም ቢሆን ያንኑ ያስባል፣ እኔም ብሆን። ድዳቸው መድማት ሲጀምርና እግራቸው ሲበልዝ ባለቤታቸው ይዟቸው ሰቆጣ ወጣ። እዚያ ያለ የላቦራቶሪ ባለሙያ የደማቸውን ስላይድ ቀባ፣ አየ፣ በስልኩ ማይክሮስኮፑ ላይ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ጭራሮ የታሰረ የሚመስለው ነገር ምንድን ነው?» ይላል ከሥሩ። ሄማቶሎጂ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። የአወር ዘንጎች በአንድ ሴል ውስጥ እንደ ጭራሮ እስር ተከምረው ሲታዩ ሌላ በሽታ አይደለም። ያ ልጅ አንድ ጂን ሳይለካ የጂኑን ጋብቻ በዓይኑ አየው ማለት ነው።

ደውዬ ቶሎ እንዲልኳቸው አልኩ። ሪፈር የተደረጉበትን ሆስፒታል ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ በየትኛውም ሊሆን ይችል ነበር። በሁለተኛው ቀን ደረሱ። ባለቤታቸው አማርኛ በደንብ ስለማይችል የሚያስተረጉመው ወንድማቸው ነበር። ከዘመድ ደም ተሰጠ፣ ፕላዝማ ተሰጠ፣ የተገኘው ፕላትሌት ተሰጠ። አትራ አልነበረም። አዲስ አበባ ተጠየቀ፣ ውጭ ያለ ጓደኛ ተጠየቀ፣ በሰው ሻንጣ ሊመጣ ተቆረጠ። ወንድማቸው በየጠዋቱ «እህቴ፣ ኪኒኑ መጣ?» ይለኛል። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ራሳቸውን አመማቸው፣ ንግግራቸው ተዘጋ፣ ጠዋት አረፉ። ሻንጣው በስምንተኛው ቀን ደረሰ። የጂን ምርመራው ውጤት በአምስተኛው ሳምንት መጣ። የጠረጠርነው ነበር።

ይህንን የምነግራችሁ ለማስለቀስ አይደለም። ቁጥሩን እንድታዩልኝ ነው። የላቦራቶሪው ዓይን አንድ ቀን ፈጀ፣ መንገዱ ሁለት፣ የጂን ምርመራው ከአንድ ወር በላይ፣ ኪኒኑ ስምንት። ከነዚህ ውስጥ ልናሳጥረው የምንችለው የትኛው ነው? መንገዱን እኔና እናንተ አንሠራም። የጂን ላቦራቶሪም በአንድ ዓመት አይቆምም፤ ይቁም፣ እኔ የመጀመሪያዋ ደጋፊ ነኝ። ኪኒኑን ግን እንችላለን።

እንደ እኛው ያሉ አገሮች ሠርተውታል። ብራዚል ውስጥ በዚህ በሽታ በመጀመሪያ ሕክምና ወቅት ከመቶ 32 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ከዚያ ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ቺሊና ኡራጓይ ተባብረው መረብ ዘረጉ። ሐኪሞቹ በየጊዜው ይነጋገራሉ፣ መመሪያው አንድ ነው፣ ኪኒኑ በጥርጣሬ ይጀመራል፣ ደም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በ2013 የ183 ሕመምተኞችን ውጤት ሲያወጡ ሞቱ ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 80 በመቶዎቹ በሕይወት ነበሩ። አዲስ መድኃኒት አልፈለሰፉም። ሌላም ነገር አደረጉ። የጂኑን ጋብቻ ለማረጋገጥ ፒ.ሲ.አር. እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ በስላይድ ላይ የፒ.ኤም.ኤል. ፕሮቲንን በሚያበራ አንቲቦዲ ቀብተው በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ያዩታል። በጤናማ ሴል ውስጥ ጥቂት ትልልቅ ነጠብጣብ ነው፤ በታመመው ተበትኖ እንደ ዱቄት ይሆናል። በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። ለላቦራቶሪ መምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ለቲቢ ምርመራ ብለን በየሆስፒታሉ ያስገባነው ኤል.ኢ.ዲ. ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ለዚህ አይበቃም ወይ? የሚበቃ ይመስለኛል። አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ጂንኤክስፐርት የሚባለውም ማሽን ለቲቢ ገብቶ፣ ለክሮኒክ ማየሎይድ ሉኬሚያ የተጋባውን ጂን ኤም-አር.ኤን.ኤ. የሚቆጥር ካርትሬጅ አለው። ማለትም የጂን ንባብ መለኪያ ብዙ ቦታ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል፤ የምናስነብበው ቲቢ ብቻ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። ለማኝ መሆኔን ከተማሪነቴ የምታውቁ አላችሁ፤ አትሳቁ።

የአትራ መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት በቀን 45 ሚሊግራም ነው። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው በ10 ሚሊግራም እንክብል ሲሰላ በቀን ሰባት ገደማ ይሆናል። አንድ መቶ እንክብል የያዘ ዕቃ ሁለት ሳምንት ያስኬዳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሰውየው ሻንጣው እስኪደርስ በሕይወት ይቆያል። ፍሪጅ አይፈልግም፤ ከብርሃን መራቅ ብቻ ነው። የምጠይቀው አንድ አንድ ዕቃ፣ ሁልጊዜ የማይባክን፣ ጊዜው ሳያልፍ የሚተካ፣ ሪፈር በሚቀበሉ በጥቂት ሆስፒታሎች መድኃኒት ቤት እንዲቀመጥ ነው። ከነዚህ አንዱ ሰቆጣ ይሁን። እዚያ ተጀምሮ መንገድ ላይ ሳሉ እየዋጡ ይምጡ።

የሚያሰጋውን ልናገር። ኪኒኑ ሴሉን ሲያሳድገው አንዳንዴ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳትና የሰውነት ውሃ መያዝ ያመጣል። መድኃኒቱ ዴክሳሜታዞን ነው፤ 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፤ ዴክሳ የሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ አላውቅም። ሴት ከሆነች እርግዝናዋ ይታይ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ይጎዳል። ጥርጣሬው ከተሳሳተና ሌላ ሉኬሚያ ከሆነ ኪኒኑ ይቆማል፤ የጥቂት ቀን አትራ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነው። ያልተሰጠበት ዋጋ ግን ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ሥልጠና ነው፤ ለሐኪሞች ሳይሆን ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች። ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲከፈት ሐኪም አላስመረቀም። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ ነው ወደ ገጠር የላከው። የሕክምና ትምህርቱ የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አሁን እኛ ሐኪሞቹ በዝተን በየጉባኤው መድረኩን ይዘነዋል፤ ስላይዱን የሚያየው ግን ዛሬም ሌላ ሰው ነው። በማሽን የተቆጠረ ሲቢሲ ብቻ አይቶ መላክ እየለመድን ነው፤ ፕላትሌት ከወረደና ሰው ከደማ ስላይድ ይቀባ፣ በዓይን ይታይ። ጭራሮውን ማሽኑ አይነግራችሁም።

ሦስተኛው ለፋኩልቲው ነው። አኪዩት ሉኬሚያ ተብሎ ከተገኘ አዋቂ ሁሉ፣ ፈቃዱን ሰጥቶ ከሆነ፣ ያልተቀለመ ሁለት ስላይድና አንዲት ቱቦ ናሙና ይቀመጥ። ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ስንት ቀን እንደተጓዘ፣ በስንተኛው ቀን መድኃኒት እንዳገኘና ምን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። የጂኑን ንባብ ነገ የሚለካው ሰው ርቀቱን ካላወቀ፣ ንባቡ ያላደረገውን ንባቡ አደረገ ይላል።

የጠየቅሁትን ዕቃ ብዛት፣ የሆስፒታሎቹን ዝርዝርና የዴክሳሜታዞኑን መመሪያ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ሰቆጣ ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያም የስላይዱን ፎቶ ለማስተማሪያ እንድንጠቀምበት ፈቅዷል፤ ከምሳ በኋላ በመግቢያው በር በኩል ባለው ሰሌዳ ላይ ታዩታላችሁ።